ከምርኮኛ እስከ ክፉ፤ የአንድ የላቲን ቅጽል ጉዞ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት በበጋ፣ ዐሥር የሮም ወታደሮች መሣሪያ ሳይዙ ወደ ከተማቸው ገቡ። ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ካኔ በተባለ ሜዳ የካርታጎው የጦር መሪ ሃኒባል የሮምን ሠራዊት ከቦ ፈጅቶታል። ሰፈር ጠባቂ ሆነው የቀሩት 8,000 ያህል ወታደሮችም እጃቸው ተይዟል። ሃኒባል ገንዘብ ያስፈልገው ነበርና ለምርኮኞቹ አንድ መንገድ ከፈተላቸው። ከመካከላቸው ዐሥር ሰው ይመርጣሉ፤ ዐሥሩ ተመልሰን እንመጣለን ብለው ይምላሉ፤ ከዚያ ሮም ሄደው የሁሉንም ቤዛ ይለምናሉ። ልመናው ተሰማ፤ ዘመድ አዝማድ አደባባይ ወጥቶ አለቀሰ። የሮም ሴኔት ግን አልከፍልም አለ። የሮም ወታደር ወይ ያሸንፋል ወይ ይሞታል፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ተስፋ እንዳለው ማወቅ የለበትም የሚል ነበር ምክንያቱ።

እነዚያ ሰዎች በላቲን የሚጠሩት «ካፕቲቩስ» በሚል ቃል ነው። «ካፔሬ» መያዝ ነው፤ «ካፕቲቩስ» ደግሞ የተያዘ፣ የተማረከ። ቃሉ ስድብ የለበትም። የሰውየውን ጠባይ ሳይነካ የደረሰበትን ብቻ ይናገራል። ይኸው ቅጽል በቀጣዮቹ ሁለት ሺህ ዓመታት ላቲን በወለዳቸው ቋንቋዎች ውስጥ ተበተነ። ስፔን ውስጥ ምርኮኛ ሆኖ ቀረ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ከሲታና ደካማ፣ ጣሊያን ውስጥ ክፉ፣ ሲሲሊ ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በፖርቱጋልኛ ደግሞ ባሪያም በፍቅር የተያዘም ሆነ። የቃላት ትርጉም መለዋወጥ የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የዚህን ቃል መንገድ ግን ከዘመን ዘመን ስከታተለው አጋጣሚ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። በየአገሩ ትርጉሙን ያዞረው ነጻው ሰው የተያዘውን ያየበት ዐይን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሃኒባል ያልተከፈለባቸውን ምርኮኞች ሸጣቸው፤ ብዙዎቹም ግሪክ አገር ባሪያ ሆነው ኖሩ። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የሮም ጄኔራል ፍላሚኒኑስ ግሪክን ከመቄዶንያ ንጉሥ ጫና ሲያላቅቅ፣ የአካይያ ከተሞች ውለታ ለመመለስ በእጃቸው የነበሩትን 1,200 ሮማውያን ከየጌቶቻቸው ገዝተው ነጻ አወጧቸው። ለዚህም 100 ታላንት ብር ወጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ194 ዓመት ፍላሚኒኑስ በድል ሰልፍ ሮም ሲገባ እነዚህ ሰዎች ነጻ እንደወጣ ባሪያ ጸጉራቸውን ተላጭተው ከሠረገላው ኋላ ተከተሉት። ሮም ራሷ ያልዋጀቻቸውን ልጆቿን በሌላ ሰው ገንዘብ መልሳ አየቻቸው።

በዚያው ዘመን የነበረው የቲያትር ጸሐፊ ፕላውቱስ ካፕቲቩስ የሚለውን ቃል በብዙ ቁጥር ለአንድ ተውኔቱ ርእስ አደረገው፤ «ካፕቲቪ»፣ ምርኮኞቹ። ሄጊዮ የሚባል ሽማግሌ ልጁ በጦርነት ተማርኮበታል፤ በልዋጭ ለማስመለስ ሲል የጠላት ምርኮኞችን ይገዛል። ከገዛቸው መካከል ግን አንዱ በሕፃንነቱ የተሰረቀበት ሌላው ልጁ ነው። ሽማግሌው ሳያውቅ የገዛ ልጁን በሰንሰለት ያስራል፤ ወደ ድንጋይ መፍለጫም ይልከዋል። የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ምን ያህል ንጹሕ እንደነበር ከዚህ ተውኔት በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ዛሬ ጌታ የሆነው ነገ ካፕቲቩስ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ካፕቲቩስ የሆነውም የጌታ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የሮም ሕግም በጉዳዩ ላይ ብዙ ተጨንቋል። በጠላት እጅ የወደቀ ዜጋ መብቱ ሁሉ ይታገዳል፤ ትዳሩ ይፈርሳል፤ ልጆቹ ላይ የነበረው ሥልጣን ይንጠለጠላል። ድንበር ተሻግሮ ከተመለሰ መብቱ አብሮት ይመለሳል። እዚያው ከሞተስ? በአምባገነኑ በሱላ ዘመን የወጣ ሕግ መላ አበጀለት። ሰውየው በተያዘባት ቅጽበት፣ ገና ዜጋ ሳለ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ኑዛዜውም ይጸናል። ካፕቲቩስ የሚለው ቃል ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሞት ሞት ይሸት ነበር።

ቃሉን ወደ ውስጥ የመለሰችው ክርስትና ናት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት ወዲህ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ፣ በዲያብሎስ ወጥመድ የተያዙትን ሰዎች «ካፕቲቪ» ይላቸዋል። ወደ ሮሜ ሰዎች በተላከው መልእክት ምዕራፍ 7 ደግሞ የኃጢአት ሕግ ሰውን ይማርካል። የቤተ ክርስቲያን ሰባክያን ይህን ንግግር በላቲን ምዕራብ ሁሉ አዳረሱት። ጠላቱ ሃኒባል መሆኑ ቀርቶ ዲያብሎስ ሆነ፤ ሰንሰለቱም ፈቃድ ሆነ። አንድ ሰው የዲያብሎስ ምርኮኛ ነው ከተባለ ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተብሏል። ያሳዝናል፤ ክፉም ነው።

ይህ ሲሰበክ ግን በሥጋ መማረኩ አላበቃም። እንዲያውም ባሰበት። በ378 የጎት ሠራዊት አድሪያኖፕል ላይ ሮማውያንን ድል ካደረገ በኋላ እጅግ ብዙ ሰው ተማረከ። የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስ የቤተ ክርስቲያኑን የወርቅና የብር ንዋየ ቅድሳት አቅልጦ ምርኮኞችን ዋጀ። ተቃዋሚዎች ሲነሱበትም ለጌታ ከወርቅ ይልቅ ነፍሳትን መጠበቅ ይበልጣል ብሎ ተከራከረ። በ428 ገደማ ደግሞ የሂፖው አውግስጢኖስ በጻፈው ደብዳቤ ነጋዴዎች ከአፍሪካ ገጠር ሰው እያፈኑ በመርከብ እንደሚያግዙ፣ ምእመናኑም ወደ 120 የሚጠጉ ሰዎችን እንዳስለቀቁ ይተርካል። ደብዳቤው ለሺህ አምስት መቶ ዓመታት ያህል ጠፍቶ ኖሮ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው የተገኘው። በ508 ገደማ የአርል ከተማ ጳጳስ ቄሳርዮስ ከተማው ከከበባ ሲወጣ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በተማረኩ የጠላት ወታደሮች ሞልተው አገኛቸው። እሱም የቤተ ክርስቲያኑን ብር ሸጦ ዋጃቸው። የዋጃቸው ከተማውን ሊያጠፉ የመጡ ሰዎችን ነው። የአርል ጳጳስ ዐይን የካኔን ምርኮኞች የተወው ሴኔት ዐይን አልነበረም።

ከዚያ የሮም ግዛት ተበታተነ፤ ላቲንም ከሰው አፍ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ብዙ ቋንቋ ተሰነጠቀ። በካፕቲቩስ መካከል ያሉት ሁለት ተነባቢዎች፣ ፕ እና ት፣ ጎን ለጎን መቆም አልቻሉም። ጣሊያኖች ፕን ወደ ት አስጠጉና ት እንዲጠብቅ አደረጉ፤ «ካቲቮ» ሆነ። ካስቲሊያኖች ፕን ወደ ኡ አላሉ፤ «ካውቲቦ» ሆነ። ፖርቱጋሎች ጭራሽ ጣሉት፤ «ካቲቩ» አሉ። የጎል ምድር ግን፣ የዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ሌላ ታሪክ አለው። እዚያ ላቲን ከመግባቱ በፊት የኬልት ቋንቋ ይነገር ነበር። የኬልት ቋንቋዎችም ከላቲኑ ጋር ከአንድ ሥር የወጣ፣ በክ እና በት የሚነገር የራሳቸው ቃል ነበራቸው። በጥንታዊ አይርላንድኛ «ካኽት» ባሪያ ነው፤ በዌልስ «ካይዝ» የታሰረ ነው፤ በብረታኝ ደግሞ «ኬዝ» ዛሬም ምስኪን ማለት ነው። የጎል ሰው ላቲኑን ሲናገር የአባቶቹ ቃል አፉ ውስጥ ገባበትና «ካክቲቩስ» አለ። የጥንታዊ ፈረንሳይኛው «ቻይቲፍ» የወጣው ከዚህ ቅርጽ እንጂ ከሮማውያኑ ቅርጽ አይደለም። ድል የተደረገ ሕዝብ ምርኮኛን የሚጠራበት ቃል በድል አድራጊው ቋንቋ ውስጥ አሻራውን ጥሎ ማለፉ ሳስበው የሚገርመኝ ነገር ነው።

በአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በተደረሰው የሮላንድ የጀግንነት ዝማሬ ውስጥ ቃሉ ገና የጥንት ትርጉሙን እንደያዘ ነው። የሳራጎሳ ንግሥት ብራሚሞንድ ከተማዋ ስትወድቅ በዚሁ ቅጽል ተጠርታ፣ ተማርካ ወደ ፈረንሳይ ትወሰዳለች። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በአንጾኪያው ልዑል በሬይሞንድ ትእዛዝ የተጀመረ አንድ የመስቀል ጦርነት ዝማሬ ርእሱ ራሱ ይኸው ቃል ነው፤ ምርኮኞቹ። ባለታሪኮቹ በ1096 የጴጥሮስ ባሕታዊ ጦር ትንሿ እስያ ውስጥ ሲደመሰስ በሕይወት ተርፈው በምሥራቅ ጌቶች እጅ የወደቁ ፈረሰኞች ናቸው። ዛሬ የፓሪስ ተማሪ ያን ርእስ ሲያነብ፣ አስተማሪ ካልነገረው በቀር ከሲታዎቹ ብሎ ነው የሚረዳው።

እንዴት ሆነ? ቤዛ ሳይከፈልለት ዓመታት የቆየ ሰው ይመነምናል፤ ቆዳውና አጥንቱ ይቀራል። ሰው ሲያየው «ምስኪን!» ይላል። ፈረንሳይኛ ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው ይህ ኀዘኔታ ነው፤ ቻይቲፍ ምስኪን፣ ዕድለ ቢስ ሆነ። ኀዘኔታው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያ ሰው የሚታዘንለት መሆኑ ቀርቶ የማይረባ ሆነ፤ ኋላም አካሉ የቀጨጨ። ተመሳሳይ መንገድ የሄደ ጎረቤት ቃልም አለ። ዛሬ በፈረንሳይኛ መጥፎ የሚባልበት «ሞቬ» መነሻው መጥፎ ዕጣ የደረሰበት ማለት ነበር። ዕጣው የከፋበትን ሰው ራሱን ክፉ ማለት የአንድ ቃል ብቻ ልማድ አይደለም።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ቻይቲፍን በሰሜኑ አነጋገር «ካይቲፍ» እያሉ ይዘውት ተሻገሩ። በ1380ዎቹ በጆን ዊክሊፍ ስም የሚታወቀው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተማረከ ለማለት ተጠቅሞበታል። በሼክስፒር ጊዜ ግን ወራዳ፣ ፈሪ ማለት ነበር።

በፒሬኔ ተራሮች ማዶ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በኢቤሪያ ምድር ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ለዘመናት ድንበር ለድንበር ሲዋጉ ከሁለቱም ወገን ሰው ይማረክ ነበር። ምርኮኛ ማለት በሩቅ የሚወራለት ሰው አልነበረም። ያንተው ወንድም ነው፤ የጎረቤትህ ልጅ ነው፤ ምናልባት በሚመጣው ዓመት የሚመለስ ነው። ለማስመለሱም ሥርዓት ቆመለት። በ1198 ፖፕ ኢኖሰንት ሦስተኛ የሥላሴ ማኅበር የሚባለውን የመነኮሳት ሥርዓት አጸደቁ፤ ሥራው ምርኮኛ መዋጀት ነው። በ1218 በባርሴሎና ጴጥሮስ ኖላስኮ የምሕረት ማኅበርን መሠረተ። የዚህ ማኅበር መነኮሳት ገንዘብ ካነሰ ራሳቸውን በምርኮኛው ምትክ ለመስጠት ይምሉ ነበር። ከእነሱ ሌላ በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሱ ቤዛ የሚደራደሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ «አልፋኬኬ» የሚለው መጠሪያቸው ከዐረብኛ የመጣ ነው።

የካስቲልያው ንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛ በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ባስጻፈው ታላቅ የሕግ መጽሐፍ፣ በሁለተኛው ክፍል፣ ስለ እነዚህ ሰዎች አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ። ሕጉ እስረኛንና ምርኮኛን ይለያል። በራሱ ሃይማኖት ሰዎች እጅ የወደቀው እስረኛ ነው። ካውቲቦ የሚባለው ግን በሌላ ሃይማኖት ሰዎች የተያዘው ነው፤ ሊገድሉት፣ ሊያሠቃዩት፣ እንደ ባሪያ ሊገለገሉበት፣ ሊሸጡት ይችላሉና። ለቤተሰቡም ግዴታ ይጥላል። ዘመዱን መዋጀት እየቻለ ቸል ያለ ሰው ውርስ ሊያጣ ይችላል። ቃሉ በሕግ እንዲህ ተቸንክሮ፣ በየሰበካው ገንዘብ እየተለመነበት፣ ወደ ክፉ ወይም ወደ ከሲታ የሚንሸራተትበት ቀዳዳ አላገኘም።

አሁን ወደ ጣሊያን እንመለስ። ዳንቴ አሊጊየሪ በ1302 ከፍሎረንስ ተሰደደ፤ በ1321 በራቬና ሞተ። በእነዚያ የስደት ዓመታት በጻፈው የሲኦል ጉዞ ውስጥ ቃሉ በሁለት መልኩ ይገኛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሃያ ሰባት ዝማሬ ብቻ ነው። በሦስተኛው ዝማሬ፣ በሲኦል ደጃፍ ላይ፣ በሕይወታቸው መልካምም ክፉም መሆንን ያልመረጡ ሰዎች ተርብና ዝንብ እየነደፋቸው ባንዲራ ተከትለው ይሮጣሉ። ባለቅኔው ካቲቪ ይላቸዋል። ማንም አልማረካቸውም፤ ወራዶች፣ ልባቸው የሞተ ስለሆኑ ነው። በሠላሳኛው ዝማሬ መግቢያ ላይ ደግሞ የትሮይ ንግሥት ሄኩባ ከተማዋ ተቃጥሎ፣ ልጇ ታርዳ፣ የሌላው ልጇን ሬሳ በባሕር ዳር አግኝታ ስታብድ በዚሁ ቅጽል ትጠራለች። እሷ ግን በእርግጥ ተማርካለች። ስለዚህ ዳንቴን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ሁለቱን በአንድ ቃል ከተረጎመ አንዱን ወገን ይበድላል።

ከዳንቴ በኋላ ሄኩባን የሚገልጸው ትርጉም ከጣሊያንኛ ጠፋ። ክፉው አሸነፈ። ሥርወ ቃል አጥኚዎች ዋናውን ምክንያት ከዲያብሎስ ምርኮኛ ስብከት ያያይዙታል። ዛሬ ካቲቮ የማይገባበት ቦታ የለም፤ መጥፎ አየር፣ መጥፎ ሽታ፣ የከፋ ስሜት፣ የሚረብሽ ሕፃን። የሚገርመው ዘመዶቹ አለመከተላቸው ነው። «ካቲቪታ» የሚለው ስም ዛሬም ምርኮ ነው፤ ከ1309 እስከ 1377 ፖፖች በአቪኞ የቆዩበት ዘመን በዚህ ስም ይጠራል፤ በአራዊት ማቆያ የተዘጋበት አንበሳም በካቲቪታ ይኖራል ይባላል። ከዚያው ሥር የወጣው «አካቲቫንቴ» ደግሞ ማራኪ ማለት ነው። አማርኛችን ከማረከ ማራኪን እንዳወጣ ሁሉ ማለት ነው፤ ክፉውን ብቻ ነው እኛ ያልወለድነው።

ስፔን ውስጥ ቃሉን ከማንም በላይ በአካሉ የሚያውቀው ደራሲ ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ ነው። በመስከረም 1575 ከኔፕልስ ወደ አገሩ ሲመለስ የአልጀርስ የባሕር ወንበዴዎች መርከቡን ያዙ፤ ወንድሙ ሮድሪጎም አብሮት ነበር። እናቱ ሊኦኖር ባሏ በሕይወት እያለ ባሌ ሞቷል ብላ ለንጉሡ ሹማምንት አቤቱታ አስገባች፤ መበለት ከሆነች እርዳታ ይሰጧታልና። በ1577 ሮድሪጎ ተዋጀ። ሚጌል አራት ጊዜ ለማምለጥ ሞክሮ አራቱንም ጊዜ ተያዘ። በመስከረም 1580 ወደ ቁስጥንጥንያ ሊወሰድ ሲል የሥላሴው ማኅበር መነኩሴ ፍራይ ኽዋን ኺል 500 የወርቅ ኤስኩዶ ከፍሎ አወጣው። ከነጋዴዎች ተበድሮ ነው የሞላው። በ1605 የታተመው ዶን ኪሆቴ ከምዕራፍ 39 እስከ 41 የአንድ ካውቲቦ ታሪክ ይተርካል፤ በዚያ ትረካ ውስጥ ተራኪው ራሱን በዚህ ቅጽል ሲጠራ ሐፍረት የለበትም። ሰው የሚሰማው እንደ ክብር ስም ነው።

በዚያው በ1580 የሞተው የፖርቱጋሉ ባለቅኔ ሉዊስ ደ ካሞይንስ ቃሉን ወደ ፍቅር አዞረው። ባርባራ ለተባለች ባሪያ ሴት በጻፈው ግጥም እሷንም ራሱንም በአንድ ቅጽል ይጠራል። እሷ በሕግ የሰው ንብረት ናት፤ እሱ ደግሞ በመልኳ ተይዟል። ግጥሙ ያምራል፤ የሁለቱ መያዝ ግን እኩል አይደለም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። እሱ በፈለገ ጊዜ መሄድ ይችላል። የሊዝበን ገበያ በዚያ ዘመን ከአፍሪካ በተጋዙ ሰዎች ተሞልቶ ነበር፤ ካቲቩ የሚለውም የእነሱ መጠሪያ ነበር።

በፈረንሳይ በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ላይ ሊቃውንት ችግር ገጠማቸው። የተማረከን ሰው በቻይቲፍ መጥራት አይቻልም፤ ሰው ምስኪን ብሎ ይረዳዋል። ስለዚህ ወደ ላቲን መጽሐፍ ተመልሰው ያንኑ ቃል እንደ አዲስ ተዋሱት፤ «ካፕቲፍ» አሉ። የመጀመሪያው «ሼቲፍ» ሆኖ ወደ ታች ቀጠለ። በ1668 በታተሙት የላ ፎንቴን ተረቶች ውስጥ አንበሳ ትንኝን ሲያዋርዳት በዚህ ቅጽል ነው የሚጠራት። ትንኟም ጦርነት አውጃ አሸነፈችው።

በ1681 ደግሞ በሞሮኮ ጠረፍ ላ ማሞራ የተባለ የስፔን ምሽግ በሱልጣን ሙላይ ኢስማዒል እጅ ወደቀ። ወታደሮቹ ተማረኩ፤ የቤተ ጸሎቱ ምስሎችም አብረው ተወሰዱ። ከእነሱ አንዱ እጆቹ የታሰሩ የክርስቶስ ሐውልት ነበር። የሥላሴው ማኅበር መነኮሳት እንደ ሰው ቤዛ ከፍለው ዋጁት፤ በ1682 ማድሪድ ገባ። ዛሬም የማኅበሩን ልብስ ደረቱ ላይ ለብሶ ይታያል፤ ሜዲናቼሊ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን፣ በመጋቢት የመጀመሪያ ዓርብ፣ ሕዝቡ ሊሳለመው ረጅም ሰልፍ ይዞ ይጠብቃል።

በሲሲሊ ምስኪን የሚለው ትርጉም ወደ አንዲት ሴት ጠበበ። «ካቲቫ» ባሏ የሞተባት ናት። ፓሌርሞ ውስጥ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ በአሮጌው የከተማ ግንብ ላይ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተከፈተ የእግር መንገድ አለ፤ ስሙ በካቲቫዎች ተጠርቷል። ሐዘንተኞቹ ከታች ካለው ሕዝብ ዐይን ርቀው የባሕር ነፋስ የሚቀበሉበት ነበር ይባላል። ከሰሜን ጣሊያን የሚመጣ እንግዳ የመንገዱን ስም ሲያነብ የክፉ ሴቶች መሄጃ ይመስለዋል።

ብራዚል ውስጥ «ካቲቬይሩ» የባርነት ዘመን ስም ሆነ። ግንቦት 13 ቀን 1888 ልዕልት ኢዛቤል ባርነትን የሚሽረውን ሕግ ስትፈርም፣ ያበቃው ካቲቬይሩ ነው። የባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ዘመን ሲያነሱ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ ታሪኩ ወደ እኛ ምድር ይደርሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ መጋቢት 1 ቀን 1896፣ ዐድዋ ላይ የጣሊያን ጦር ሲሸነፍ ወደ 1,900 የሚጠጉ ጣሊያኖች ተማርከው ወደ ሸዋ ተወሰዱ። በጥቅምት 1896 አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ተፈርሞ እስኪለቀቁ ድረስ እዚያው ቆዩ። ከተማረኩት መኮንኖች አንዱ ጆቫኒ ጋሜራ አገሩ ሲገባ ትዝታውን ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1897 ፍሎረንስ ታተመ፤ ርእሱም በሸዋ የአንድ የጦር ምርኮኛ ትዝታዎች የሚል ነው። የቋንቋው አንጋፋ ቃል በእጁ አልነበረም። ያንን ቢጽፍ አንባቢው የአንድ ክፉ ሰው ትዝታዎች ብሎ ያነበው ነበር። ስለዚህ «ፕሪጆኒዬሮ» አለ፤ ይህም ከሌላ የላቲን ግሥ የወጣ ነው፤ የዚያም ግሥ ትርጉም መያዝ ነው።

ሮማንያውያን ቃሉን ከአያቶቻቸው አልወረሱትም። ለረጅም ዘመን ምርኮኛውንም ባሪያውንም ከስላቭ በተወሰደው «ሮብ» በሚለው ቃል ሲጠሩ ኖሩ፤ «ካፕቲቭ» በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከመጻሕፍት የገባ አዲስ ነው። ስለዚህም ከሁሉም ይልቅ ከጉዳት የተረፈ ነው፤ ከመከራ ጋር አልኖረምና።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን በፖርቱጋልኛ የቃሉ ለስላሳ ጎን ጎላ። በ1943 የታተመው የሴንት ኤግዙፔሪ ትንሹ ልዑል ውስጥ ቀበሮው ስለ ማላመድ የሚናገርበት ታዋቂ ክፍል አለ። ቤኔዲክታዊው መነኩሴ ዶም ማርኮስ ባርቦዛ ለብራዚል አንባቢ ሲተረጉመው ማላመድ በሚለው ፈንታ «ካቲቫር» አለ፤ መማረክ። መጽሐፉን ያላነበበ ብራዚላዊ እንኳ ያንን አገላለጽ ያውቀዋል። በዚያው አገር በስታዲየም ውስጥ ለአንድ ሰው በቋሚነት የተያዘ ወንበርም በዚህ ቅጽል ይጠራል። ወንበሩ ምርኮኛ ነው፤ ሌላ አይቀመጥበትም።

በጣሊያን፣ በስፔንና በፈረንሳይ ለምትኖሩ፣ ወይም ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ለምትሻገሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ላስታውስ። በደቡብ ስፔን ማላጋ ከተማ በየዓመቱ በሕማማት ሰኞ ነጭ ቀሚስ የለበሰ፣ እጁ የታሰረ የክርስቶስ ሐውልት በትከሻ ይወጣል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ይከተለዋል። ከተማው ስሙን አያስረዝምም፤ «ኤል ካውቲቦ» ብቻ ይለዋል። በጣሊያንኛ ጆሮ ብትሰሙት ትደነግጣላችሁ። በስፔንኛ ስሙት፤ የተያዘው ማለት ነው።